ከመቅደስ የወጣሁበት ጠዋት

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባበት ዓመት እኔ የቅኔ ተማሪ፣ ዲያቆንና የሰባት ወር ሙሽራ ነበርሁ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዤ ነው ያረጀሁት።

ቤታችን ከሮብ ገበያ በላይ ነው፤ ወደ ጮቄ ሲወጣ ገብሱ እያጠረ ብርዱ እየበረታ በሚሄድበት በኩል። አባቴ የደብራችን ቄስም መሪጌታም ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ወርዶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲሸፍነው ሰው መንገዱን የሚያገኘው በእሳቸው ዜማ ነው ይባል ነበር። በእኔም አንድ ቀን ደርሶብኛል። ከቅኔ ቤት ስመለስ ጉም ያዘኝና እግሬ የት እንደሚረግጥ ጠፋኝ። ቆሜ ባዳምጥ የአባቴ ድምፅ ከታች በኩል መጣ። እሱን እየተከተልሁ ወርጄ ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ አጥር ጋር ተጋጨሁ። የዚያ ዘመን ነገር ሁሉ ዛሬ እንዲህ ነው የሚመጣልኝ፤ መጀመሪያ ነጭ ጉም፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ በመጨረሻ ጉልበት የሚመታ ድንጋይ።

ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልምና አባቴ ከወንዝ ማዶ ካለ መንደር አጭተው በቁርባን አጋቡኝ። ሚስቴ በሠርጉ ቀን ፊቴን አላየችም። በሦስተኛው ቀን ቀና ብላ አየችኝና እንደገና አቀረቀረች፤ ምን እንዳየች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም። በእንቅልፌ ግዕዝ እናገር ነበር። ጠዋት ጠዋት እየሳቀች ሌሊቱን ከማን ጋር ስሟገት እንዳደርሁ ትጠይቀኛለች። እኔ ቅኔ እየቆጠርሁ እንደሆነ አስረዳታለሁ። ቅኔው ቤት የሚመታው በእንቅልፍ ብቻ ከሆነ ለምን ቀን ቀን እህል አታጭድም ትለኛለች።

አውሮፕላን መጀመሪያ ያየነው በፍልሰታ ነው። በቅዳሴ መካከል አንድ ጉርምርምታ ከደመናው ውስጥ ወጣ። ሕዝቡ እየተገፋፋ ወደ ደጅ ሮጠ። አባቴ ዜማቸውን አላቋረጡም፤ እኔም ጧፍ ይዤ ከጎናቸው ስለነበርሁ አልወጣሁም። ስለዚህ የመጀመሪያውን አውሮፕላን አላየሁትም፤ የሰማሁት ብቻ ነው። ያዩት ሰዎች ግን ለብዙ ቀን ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ጣልያን ጠመንጃችሁን አስረክቡ አለ። ለጎጃም ሰው ይህ ሚስትህን አምጣ እንደማለት ነው። ያስረከበም አለ፣ ያልሰጠም አለ፤ ያልሰጠው ወደ ጮቄ ወጣ። ጣልያኖቹም የአገሩን ሰው ካፖርት አልብሰው፣ መንገድ መሪ አድርገው ወደ ደጋው ይወጡ ጀመር። አንድ ቀን ከታችኛው ደብር የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያናቸው መቃጠሉንና ጣልያኖቹ ነገ ወደ እኛ እንደሚወጡ ነገረን።  አባቴ ታቦቱን ከጮቄ ሥር ወዳለ ዋሻ እንደሚወስዱት ነገሩኝ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም እንዳያውቅ፤ ምሥጢር ሁለት ሰው ይበቃዋል አሉ።

ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። አባቴ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸከሙ፤ እኔ የአጎቴን ውጅግራ ጠመንጃ ይዤ ፊት ፊት ሄድሁ። ታቦት ሲወጣ ከበሮ አለ፣ ጥላ አለ፣ እልልታ አለ። ያን ቀን ያለው የእኛ ትንፋሽና ጤዛ ላይ የሚረግጥ እግራችን ብቻ ነበር። ጉሙ በጣም ወፍራም ስለነበር አንዳንድ ጊዜ ዞር ስል አባቴ አይታዩኝም፤ ነጩ ልብስ ብቻ በአየር ላይ ሲንሳፈፍ አያለሁ።

ወንዙ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ከማዶ ተነሣ። ውሃ ሊጠጣ አጎንብሶ ነበር መሰለኝ። የጣልያን ካፖርት ለብሷል፤ ጠመንጃው በእጁ ነው። "ቁም፣ ማነህ?" አለ በራሳችን ቋንቋ፣ ጠመንጃውንም አነሣ። እኔ ተኮስሁ።

ድምፁን አላስታውሰውም። የማስታውሰው ሰውየው ገበያ ውሎ እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ነው። ወንዙን ተሻግሬ አጠገቡ ደረስሁ። ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ጢሙ ገና አልሞላም። ዓይኑ ግን እኔን አላየም፤ በትከሻዬ ላይ አልፎ የአባቴን ጥምጥም አየ።

"አባ፣ ይፍቱኝ" አለ።

አባቴ ታቦት ተሸክመዋልና ማጎንበስ አይችሉም። ውሃው መካከል ቀጥ ብለው ቆመው "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ" አሉት። ራሱን ደግፌ ያዝሁት። ከደምበጫ ነኝ አለ፤ ቀጥሎ "እናቴ" ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ። ውሃው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እየተንሿሿ ይወርዳል። ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አላውቅም። አባቴ ሲጠሩኝ ነው የነቃሁት።

"ልጄ፣ ታቦቱን አትርፈሃል፤ እኔንም አትርፈሃል" አሉ። ድምፃቸው ዛሬ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነበር። "መቅደስ ግን ከእንግዲህ አትገባም። ደም አለብህ።"

"አውቃለሁ፣ አባዬ" አልሁ።

"በል ቅደም፤ መንገዱ ገና ነው።"

ታቦቱን በዋሻው ውስጥ አስቀመጡና አፉን በድንጋይ ዘጋነው። ስንመለስ ሰውየውን ከወንዙ ከፍ ብሎ ከአንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ቀበርነው። አባቴ ፍትሐት ሲያደርሱ ስሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፍትሐት በክርስትና ስም ነው፤ እኛ ደግሞ አናውቀውም። "አንተ በምታውቀው ስሙ" ብለው አለፉት። እኔ ከዚያ ወደ ቤት አልተመለስሁም። አባቴ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ ተለያየን። ጥቂት ሄደው ሳል ሲይዛቸው ሰማሁ፤ ከዚያ ጉሙ ድምፃቸውን ዋጠው። እንደገና አላየኋቸውም።

ጮቄ ላይ ከአርበኞቹ ጋር ዘጠኝ ወር ኖርሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የመሰለ ነገር በጉሙ ውስጥ ቆሞ ሲያየኝ ጠመንጃዬን አነጣጠርሁበት፤ ጓደኞቼ ጅብራ መሆኑን ነገሩኝ። ጅብራ ከሰው በላይ ቁመት ያለው፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም የውርጭ ተክል ነው። በኋላ ለመድሁት። ማልዶ ብርሃኑ ሲመጣ ተራራው ሁሉ ለማኅሌት የቆሙ መነኮሳት ይመስል ነበር። ጓሳ ሣር አንጥፈን እንተኛለን፤ ስንነሣ ጋቢያችን በውርጭ ደርቆ እንደ ቆዳ ይንኳኳል። ተዋግተናልም። ስለ ውጊያው ሰዎች ብዙ ይጠይቁኛል። እኔ የማስታውሰው ከውጊያው በፊት ያለውን ጸጥታና ከውጊያው በኋላ ሰዎች ጫማቸውን ሲፈልጉ ነው።

አለቃችን በንጉሡ ዘመን ወታደር የነበረ ሽማግሌ ነው። ረቡዕና ዓርብ ጾሙን ያስከብራል፤ ቁስለኛም ቢሆን ቅቤ አያስቀምስም። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ሲያጣጥር ዳዊት እንዳነብለት አዘዘኝ። እኔ ክህነቴ መፍረሱን ነገርሁት፤ በዚህ አፍ እንዴት ብዬ።

"ክህነትህ ቢፈርስ ማንበብህ አልፈረሰም" አለኝ። "አንብብለት፤ ሰውየው እየሄደ ነው።"

አነበብሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁሉም አንባቢ ሆንሁ።

ሚስቴ በወር አንድ ጊዜ ትመጣለች። እንጨት ለቃሚ መስላ ከሸክሟ ሥር በአቁማዳ በሶ ይዛ ትወጣለች። አባቴ ሳል እንደያዛቸው፣ ጣልያን ቤተ ክርስቲያኑን እንዳቃጠለ፣ እሳቸውም የመቋሚያ ራስና ጽናጽል ከአመዱ ውስጥ እንደለቀሙ የነገረችኝ እሷ ናት። በመጨረሻው ጊዜ የመጣች ዕለት በሶውን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሆዷ ገፍቷል። ልጁ ሲወለድ እንዴት እንደሚሆን ጠየቀችኝ። እኔ ያን ዕለት ከፊቴ ረጅም መንገድ ነበረብኝ። አለቃችን በሱዳን ላሉት የአገራችን ሰዎች የሚደርስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ማንበብና መለመን የሚችል ሰው ፈልጎ እኔን መረጠ።

"ክርስትናውን አባዬ ያንሱት፣ ስሙንም እሳቸው ያውጡለት" አልኋት።

"አንተስ?"

"እመጣለሁ።"

"መቼ?" አላለችኝም። ጋቢዬን አስተካክላ አልብሳኝ ሸክሟን አንሥታ ወረደች። ጀርባዋን እያየሁ ቆየሁ። በጅብራዎቹ መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፍ ስትታይ ስትጠፋ፣ ስትታይ ስትጠፋ፣ በመጨረሻ የትኛው ጅብራ የትኛው እሷ እንደሆነች መለየት አቃተኝ።

ለመንገድ ጓደኛ የተሰጠኝ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ነው። ኢየሩሳሌም ሳልደርስ አልሞትም ብለው የተሳሉ ናቸው፤ ጦርነቱ ስእለታቸውን አላዘገየባቸውም፤ እንዲያውም መንገድ ከፈተላቸው። እኔ ደበሎ ለብሼ የቆሎ ተማሪ ሆንሁ። ደብዳቤው በደበሎው ጠርዝ ውስጥ ተሰፍቷል። "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልን በየደጁ እየለመንን ወደ ምዕራብ ወረድን።

ደምበጫ በገበያ ቀን ደረስን። ፈረሱ፣ እህሉ፣ ጩኸቱ እንደ ድሮው ነው፤ ጣልያን ያለ አይመስልም። እኔ ግን ከገበያው ምንም አላየሁም። አሮጊት ባየሁ ቁጥር የወንዙ ሰው እናት ትሆን እላለሁ። አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ግማሽ ዳቦ ቆርሳ በእጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጇ የሞተባት ትመስላለች። የማን እናት እንደሆነች ልጠይቃት ስል መነኩሴው ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ። ከገበያው መውጫ ላይ አንድ የጣልያን ወታደር አስቆመን።  ወታደሩ ግን ፈገግ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠና አንዲት ትንሽ ሣጥን ወደ ዓይኑ አነሣ። ፎቶግራፍ ነው። መነኩሴው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው፣ እኔ ደበሎዬን ሰብስቤ ጸጥ ብለን ቆምንለት። አመስግኖን ሄደ። በሕይወቴ የተነሣሁት የመጀመሪያው ፎቶግራፍ የት እንዳለ አላውቅም፤ ምናልባት በሆነ አገር፣ በሆነ ቤት መሳቢያ ውስጥ ደብዳቤውን በደበሎዬ ይዤ እስከ ዛሬ ቆሜ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ቆላ ገባን። ደገኛ ለቆላ ሥጋው ልፍስፍስ ነው፤ በሳምንቱ ንዳድ ጣለኝ። ሽመል በሚሉት ቀርከሃ መካከል ተኝቼ አባቴ ሲቀድሱ እሰማለሁ። ተነሥቼ ወደ ድምፁ ልሄድ ስል መነኩሴው ያስተኙኛል። የዚያ አገር ሰዎች ቋንቋችንን አያውቁም። አንዲት ሴት ግን በየማለዳው መራራ ቅጠል ቀቅላ ታመጣና እስክጨርሰው ቁጭ ብላ ታየኛለች። ሳልጨርስ ብተወው ትቆጣለች። ቁጣ በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። በስንት ቀን እንደተሻለኝ አላውቅም፤ ስንነሣ ለምስጋና እጇን ልስም ብል ሳቀችብኝ።

ድንበሩን ተሻግረን ደብዳቤውን ለስደተኞቹ አለቆች አስረከብሁ። ደበሎዬን በቢላ ተርትረው ሲያወጡት ወረቀቱ በላቤ ወይቦ ነበር፤ ፊደሉ ግን ይነበባል። መልሱን ሌላ ጤነኛ ሰው ይዞ እንዲሄድ አደረጉ። አንተ በዚህ ንዳድ ብትመለስ መንገድ ትቀራለህ አሉኝ። ሐኪም አየኝ፣ መርፌ ወጋኝ፣ ወራት ጠበቅሁ። ካርቱም ስንደርስ መነኩሴው ወንዙን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። አንድ ጀልባ ቀዛፊ የወንዙ ስም በእነሱ ቋንቋ "ሰማያዊ" ማለት እንደሆነ አስረዳን። ወንዙ ግን እንደ ጠላ አምቡላ የደፈረሰ ነው፤ ክረምት ነበር። ቀለሙን አወቅሁት። ከማሳችን ታጥቦ የወረደ አፈር ነው። ቀዛፊው ለምን እንደምስቅ አልገባውም።

በካርቱም ያሉ የግብፅ ክርስቲያኖች መነኩሴውን ወደ ኢየሩሳሌም ሊያሳፍሯቸው ቃል ሲገቡ፣ እኔንም ደጋፊያቸው ብለው ጨመሩኝ። ባቡር ላይ ሁለት ቀን አሸዋ አየሁ። እንቅልፍ ሲወስደኝ አሸዋ፣ ስነቃ አሸዋ፤ የትኛው ሕልም የትኛው መስኮት እንደሆነ አልለይም። ከዚያ በመርከብ፣ ከዚያ እንደገና በባቡር። ካይሮ ላይ ሰው እንደ አንበጣ ነው። መነኩሴው ይህን ሁሉ ሲያልፉ ቀና ብለው አላዩም፤ ዳዊታቸውን እየደገሙ እንደ ዓይነ ስውር በእጄ ተመሩ። ኢየሩሳሌም በር ላይ ስንደርስ ብቻ ቆሙና የት እንደደረስን ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። መሬት ላይ ተደፍተው ለረጅም ጊዜ አልተነሡም፤ የሞቱ መስሎኝ ደነገጥሁ። አልሞቱም፤ ሲነሡ ግንባራቸው ላይ ጠጠር ተጣብቆ ነበር።

መነኮሳቶቻችን የሚኖሩት ከጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። ትንንሽ የጭቃ ጎጆ የሚመስሉ ክፍሎች፣ በመካከላቸው አንድ ዛፍ። ያን ጣሪያ ሳየው ሮብ ገበያ ወደ ሰማይ የወጣች መሰለኝ። እዚያ አንድ የንስሐ አባት አገኘሁ፤ በአነጋገራቸው የእኛ አገር ሰው ናቸው፤ እኔም አገራቸውን አልጠየቅሁም። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ ሥር ተቀምጠን የወንዙን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ሺህ ስግደት፣ የሰባት ዓመት ጾም እጠብቅ ነበር።

"ሰውየው ማን ይባላል?" አሉኝ።

"አላውቅም፣ አባ።"

"እንግዲያስ ንስሐህ እሱ ነው። ስሙን ፈልግ።"

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ተነሥተው ዛፉን ውሃ ማጠጣት ጀመሩ።

ኢየሩሳሌም አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየሁ፤ ውሃ እቀዳለሁ፣ ደጅ እጠርጋለሁ፣ በዓል ሲሆን ከማኅሌቱ በስተኋላ እቆማለሁ። ጣልያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት መግጠሙ ሲሰማ ስደተኛው ሁሉ ወደ ሱዳን ይጠራ ጀመር። መነኩሴውን ተሰናበትኋቸው። አብረን እንድንመለስ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም ደርሻለሁ ብለው ነበርና። ግንባሬን በመስቀላቸው ነክተው በዚያው ጣሪያ ላይ ቀሩ።

ሱዳን ውስጥ የእንግሊዝ ልብስ ሰጡኝና ወታደር ሆንሁ። ግራ ቀኝ መዞር የለመደ እግር አልነበረኝም፤ የማኅሌት ወረብ የለመደ እግር ነው ያለኝ። አሠልጣኙ ሰልፉን ወደ ሽብሸባ እንደምለውጠው ነግሮ ሁሉም እንዲስቅብኝ አደረገ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጎጃም ሲገቡ ጭነቱን በግመል ይዘን ተከተልን። ግመል ለዳገት አልተፈጠረም። በየመንገዱ እየወደቁ ቀሩ፤ መንገድ የጠፋው ወታደር የወደቁትን ግመሎች ተከትሎ ይመጣ ነበር። እኔ ከቆላው ስወጣ መጀመሪያ ያገኘኝ ብርዱ ነው። አንድ ጠዋት ስነቃ ጣቶቼ ቀዝቅዘዋል። ከአጠገቤ ያለው የቆላ ልጅ ሲያማርር እኔ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ተደሰትሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወጣ፤ እኛ ገባን። በልግ እየዘነበ ነበር። ሰው በዝናቡ ውስጥ ቆሞ ያለቅሳል፤ ዝናቡ ይሁን እንባው አይለይም። እኔ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁና ወደ ሮብ ገበያ አቅጣጫ በእግሬ መንገድ ጀመርሁ። ማደርም አላሰኘኝም፤ ከሰዓት በኋላ ደረስሁ።

ሚስቴ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመች ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ ድንጋዩን ከእጇ እየተቀበለች ትከምራለች። ልጅቱ ቀድማ አየችኝ፤ ወታደር መጣ ብላ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ሚስቴ ቀና አለች። በእጇ ድንጋይ ይዛለች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"ጠቁረሃል" አለች። ከዚያ ድንጋዩን አስቀመጠች። "ግባ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው።"

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ማረፋቸውን እቤት ገብተን ነገረችኝ። ልጅቱን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አንሥተዋል፤ ስም አውጥተውላታል። ሳሉ በክረምቱ መጨረሻ ጣላቸው። ከመሞታቸው በፊት ግን ሚስቴን አስጠርተው ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረጉና የዋሻውን ቦታ ነገሯት። እኔ በስደት ብሞት የሚያውቅ እንዳይጠፋ ነው። በአባቴ ሥርዓት ሴት ወደ መቅደስ አትቀርብም፤ እሳቸው ግን ምሥጢሩን ለእሷ ሰጡ።

"ጣልያኖቹ አልጠየቁሽም?" አልኋት።

ዘጠኝ ቀን ምሽጋቸው ውስጥ እንዳሰሯት በአጭሩ ነገረችኝ። ባልሽ የት ነው፣ ታቦቱ የት ነው ሲሉ ሰነበቱ። አስተርጓሚውም የአገሩ ሰው ነው።

"ሴት ታቦት ያለበትን እንዴት ታውቃለች አልኋቸው" አለች። "አስተርጓሚው እውነቷን ነው አላቸው፤ ለቀቁኝ።" ይህን ስትል ከንፈሯ ላይ ጥቂት ፈገግታ ነበር። ከእጅ አንጓዋ በላይ የገመድ ጠባሳ አየሁ፤ እጅጌዋን ጎትታ ሸፈነችው።

ታቦቱን ያወጣነው በማግሥቱ ነው። ከጎረቤት ደብር አንድ ቄስ አስመጣን። እኔ ልሸከም አልችልም፤ ጠመንጃዬን ይዤ ፊት ፊት ሄድሁ፤ ሚስቴ ልጅቱን አዝላ ከኋላ። ዋሻው አፍ ላይ ቄሱ ድንጋዩን ሲያነሡ ታቦቱ ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ነበር፤ ከላዩ የአባቴ አሮጌ ነጠላ ተደርቦበታል። ደጋግመው መጥተው ያዩት ነበር ማለት ነው። ስንወርድ ወንዙ ጋ ቆምሁ፤ ቄሱም ለምን እንደቆምሁ ሳይጠይቁ ቆሙ። ሚስቴ ያኔ እልልታዋን ለቀቀችው። የእነዚያን ዓመታት ሁሉ አንድ ላይ ነው ያወጣችው። ከየማሳው ሰው ወጣ፤ ከየመንደሩ እልልታ መለሰ፤ ልጅቱ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች። መንደር ስንደርስ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ቦታ ላይ ዳስ ተሠርቶ ጠበቀን። ታቦቱ ገባ። እኔ ከደጅ ቀረሁ።

ደምበጫ የሄድሁት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ልጇ ለጣልያን ወታደርነት ገብቶ ጮቄ ላይ የቀረባትን እናት በየደብሩ ስጠይቅ ቆየሁ። እንዲህ ያሉ እናቶች አንድ ብቻ አልነበሩም። በመጨረሻ አንድ የንስሐ አባት በዕድሜውና በቁመቱ የሚመስል አንድ ሰው እንደነበረ ነግረው ወደ ቤቷ መሩኝ። ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ከደጇ ቆምሁ። ጥጥ እየፈተለች ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያዞሩላት ሲጀምሩ በእጇ ዝም አሰኘቻቸውና እኔን አየች።

"ምን አለ?" አለችኝ። "ሲሞት ምን አለ?"

"አባ ይፍቱኝ አለ።"

"ማን ፈታው?"

"አባቴ፤ ቄስ ነበሩ። ታቦት ተሸክመው ነበር።"

እንዝርቷ በእጇ ውስጥ ቆመ። "ታቦት ፊት ነው የሞተው?" አለች።

"አዎ፣ እማማ። እናቴም ብሎ ነበር፤ ግን አልጨረሰውም።"

እንዝርቷን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ የክርስትና ስሙን ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ድንጋዩን እንዳወርድና በበቅሎ ወደ መቃብሩ እንድወስዳት ነገረችኝ። ወሰድኋት። በኮሶው ሥር ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀምጣ ዋለች፤ አፅሙም ወደ ደምበጫ እንዲፈልስ አደረገች። በሰባት ዓመቱ ተዝካር ላይ ጠርታኝ ከቤተ ዘመዶቿ ጋር አስቀመጠችኝ። ሰዎቹ ማን እንደሆንሁ ያውቁ ነበር፤ ጠላ ቀዱልኝ።

እኔ ከዚያ በኋላ በወታደርነቱ ቀጠልሁ። መቅደስ የማይገባ ሰው ሌላ ቤት ያስፈልገዋል፤ ጦሩ ቤቴ ሆነ። ለሌላ ሰው አገር ጦርነትም በመርከብ ባሕር ተሻግሬ በረዶ እንደ ዱቄት በሚወርድበት ተራራ ላይ ክረምት አሳልፌያለሁ። እዚያም ዳዊት አንባቢ እኔ ነበርሁ። ሚስቴ በየሄድሁበት አልተከተለችኝም፤ ማሳዋ ነበር፣ ልጆቿም ነበሩ። የመጀመሪያዋ ልጃችን ወታደር ፈርታ ሦስት ወር ያልቀረበችኝ፣ ኋላ መምህርት ሆና እኔኑ ማዘዝ ጀመረች።

ምጽዋ በተመደብሁ ጊዜ ግን ሚስቴን አስመጣኋት፤ ባሕር አይታ አታውቅም። በማለዳ ወደ ዳርቻው ወሰድኋት። ፀሐይዋ ገና ከውሃው እየወጣች ነበር፤ ውሃውና ሰማዩ ተቀላቅለው መለያያቸው አይታይም። ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ጎንበስ ብላ በመዳፏ ዘገነችና ቀመሰችው፤ ፊቷ ተኮማተረ።

"ይህ ሁሉ ውሃ" አለች፣ "አንድ ጥጃ አያጠጣም።"

ከውሃው ግን አልወጣችም። ቀሚሷን ሰብስባ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሙቀቱ እስኪበረታ ድረስ ቆመች። እኔም ጫማዬን ፈትቼ ገባሁና ከጎኗ ቆምሁ።